እናቴና ጎረቤታችን በጋዛ ዜና የተነሳ ቡና መጠራራት አቆሙ

የመርካቶ ልጅ

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። ዛሬ ግን የምማከረው ሰው አጥቼ ነው የመጣሁት።

እናቴና የግድግዳ ጎረቤታችን ሠላሳ ዓመት ቡና ተጠራርተዋል። የጎረቤታችንን ስም አልጽፍም። ልጅ ሆነን እንደምንጠራቸው እትዬ ልበላቸው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ ዳዊት ሳትደግም ከቤት አትወጣም። እትዬ ሙስሊም ናቸው፤ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ። እናቴ ፍልሰታን ስትጾም እትዬ ቡናውን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያቆዩላታል። በረመዳን ደግሞ ቤታችን ቀን ቀን ቡና አይቆላም፤ ሽታው እትዬ ቤት እንዳይገባ። እኔን ያሳደጉኝ ሁለቱም ናቸው።

ያ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቆመ። ሐማስ መስከረም 26 ቀን 2016 ጥቃቱን ካደረሰ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ ነበር። እናቴ "የእስራኤል አምላክ ይጠብቃቸው። እነዚህ ፍልስጥኤሞች ከዳዊት ዘመን ጀምሮ አላረፉም" አለች። እትዬ ከፍርስራሽ ውስጥ የሚወጣ ሕፃን እያዩ ነበር። "ይሄ ነው ፍልስጥኤም? ይሄ ልጅ ምን አደረገ?" አሉ። እናቴ "እኔ መጽሐፉ የሚለውን ነው ያልኩት" አለች። እትዬ ሻሻቸውን አስተካከሉ። ቶናውን ጨረሱና በረካውን ሳይጠብቁ ወጡ።

ጠብ የለም። ሰላምታ አለ። ለቅሶም አብረው ደርሰዋል። ቡና ግን የለም። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

"ማን ነው ትክክል" ብላችሁ እንዳትመልሱልኝ አደራ። እናቴም እትዬም ጋዛን በዓይናቸው አላዩም። አንድ እስራኤላዊ ወይም አንድ ፍልስጤማዊ ቤታቸው ገብቶ አያውቅም። ግን ዜናው ሳይነገር ሁለቱም ወገን ይዘው ነበር። ከየት አመጡት? እኔም ያን ቀን ልቤ ወደ አንዱ ማድላቱን አውቀዋለሁ። እኔስ ከየት አመጣሁት?


ዲያቆን ዘሰሜን

ወንድሜ፣ ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የጎልያድ ወገኖች "ፍልስጥኤማውያን" ይባላሉ። በዜና የምንሰማቸው ደግሞ "ፍልስጤማውያን" ናቸው። ዳዊት ስትደግም ያደገች እናት ይህን በጆሮዋ እንዴት ትለየው? ዜና አንባቢው ገና አፉን ሲከፍት ጎልያድ ይታያታል። ወንጭፍ የያዘው ማን እንደሆነም ቀድማ ታውቃለች።

የጎልያድ ሰዎች ግን ናቡከደነፆር አስቀሎናን ካጠፋ በኋላ፣ ማለትም ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ604 ወዲህ፣ ቀስ በቀስ እንደ ሕዝብ ከታሪክ ጠፍተዋል። የቀረው ስማቸው ነው። ሮማውያን የአይሁድን ዓመፅ ካፈኑ በኋላ በ135 ዓ.ም. ገደማ ይሁዳን "ሶርያ ፓለስቲና" ብለው ሰየሟት። ስሙ ከምድሪቱ ጋር ኖረ። ዛሬ ፍልስጤማውያን የምንላቸው የዚያች ምድር ዓረብኛ ተናጋሪዎች ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም። የጎልያድን ቂም በእነሱ ላይ መወጣት አይቻልም።

"እስራኤል" የሚለው ስምም እንዲሁ ነው። ሊቃውንቱ "እስራኤል ዘሥጋ" እና "እስራኤል ዘነፍስ" ብለው ይለያሉ። ዘሥጋው የያዕቆብ ዘር ነው። ዘነፍሱ በጥምቀት የተጠራው ምእመን ነው። እናትህ በጸሎቷ "እስራኤል" ስትል ግማሹን ስለ ራሷ ነው የምታወራው። ስለዚህ እስራኤል ተመታ ሲባል የራሷ ቤት የተመታ ነው የሚመስላት። ክፉ ልብ ኖሯት አይደለም። ልጆቻችንን ጽዮን፣ ቤተልሔም፣ ኢየሩሳሌም እያልን የምናሳድግ ሰዎች ነን። ግን በፈረንጆቹ 1948 ላይ የተመሠረተ መንግሥት አንድ ነገር ነው፣ በቅዳሴ የምንጠራው ስም ሌላ። ይህን በሰንበት ትምህርት ቤት አላስተማርንም። ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነው።


የደሴዋ

እትዬን በደንብ አወቅኳቸው። እኔም በረካ ሳልጠጣ የወጣሁበት ቤት አለ።

ከየት አመጡት ላልከው የእኛን ወገን ልንገርህ። የኢየሩሳሌሙ አል-አቅሳ መስጂድ ለእኛ የዓረብ ጉዳይ አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሌሊት ጉዟቸው ከመካ የተወሰዱት ወደዚያ ነው። ፊታችንን ወደ ካዕባ ከማዞራችን በፊት ቂብላችን እዚያ ነበር። ይህን ልጅ ሆነን ቁርዓን ቤት ቁጭ ብለን ነው የተማርነው። ጉዞውን የሚያነሳው ምዕራፍ "አል-ኢስራእ" ይባላል። ሌላ ስምም አለው። "በኒ ኢስራኢል" ነው፤ የእስራኤል ልጆች ማለት። ሙሳም፣ ዳውድም፣ ሱለይማንም ነቢዮቻችን ናቸው። እትዬ የእናትህን ዳዊት አልተጣሉትም። ያዩት ያንን ሕፃን ነው።

እኔን የሚያመኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ለጋዛ ሳለቅስ "ዓረብ ሆንሽ" የሚለኝ ሰው አለ። አብሮኝ የተማረ፣ በሰርጌ የጨፈረ ሰው ነው። ነጃሺ የነቢዩን ተከታዮች ያስጠጋ ጊዜ ማን ዓረብ ሆነ አለው? አያት ቅድመ አያቶቼ ወሎ ውስጥ ነው የተቀበሩት። ሐዘኔ ፓስፖርት የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር።

በመስከረሙ ጥቃት 1,200 ገደማ ሰው መገደሉን፣ 251 ሰው መታገቱን አውቃለሁ። ስለ እነሱም ዱዓ አድርጌያለሁ። እንደ ጋዛ ጤና ሚኒስቴር ደግሞ በፈረንጆቹ 2025 አጋማሽ የጋዛ ሟቾች ከ60 ሺህ አልፈዋል። ሁለቱን ቁጥር በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ሰው ስፈልግ ነው የከረምኩት። ያገኘሁት በጣም ጥቂት ነው።


ሰው አማረኝ

አንድ ነገር ልበል? የራሳችን ሞልቶ ፈሷል። ትግራይ፣ አማራ፣ ኦሮሚያ ስንት ወጣት አለቀ? ለዚያ ስንት ቀን ቡና አቆምን? የሩቁን ትተን የቅርባችንን እንልቀስ።


የታሪክ ተማሪ

@ሰው አማረኝ፣ ሐሳብህ ይገባኛል፤ አከብረዋለሁም። ግን ሩቅ ነው ያልከው ለእኛ ሩቅ ሆኖ አያውቅም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በኅዳር 1947 የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጤምን ለሁለት ለመክፈል ድምፅ ሲሰጥ ኢትዮጵያ እዚያ ነበረች። 33 ደገፉ፣ 13 ተቃወሙ፣ 10 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከአሥሩ አንዷ እኛ ነን። ያን ጊዜ ንጉሡ "ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ" ይባላሉ። በ1936 ጣሊያን ሲገባ የተሰደዱት ወደ ኢየሩሳሌም ነው። ዘራቸውን ከሰሎሞን የሚቆጥሩ ንጉሥ እንኳ ለአይሁድ መንግሥት "አዎ" አላሉም። ዙሪያቸው የዓረብ አገር ነው፣ ቀይ ባሕር አለ፣ ከሕዝባቸው ትልቅ ክፍል ሙስሊም ነው። እምነት ልብን ያዘነብላል፤ እጅ የሚወጣው ግን ሌላም ሌላም ታስቦ ነው። በጥቅምት 1973 ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት ጭራሽ አቋረጡት። እስከ 1989 ድረስ ኤምባሲ አልነበረም።

አሁን ደግሞ በጣም የሚያስደንቀኝን ልንገራችሁ። ግብፆቹ ኮፕቶች ያው እንደ እኛ ኦርቶዶክስ ናቸው። ያንኑ ዳዊት ይደግማሉ። ያንኑ ጽዮን ይጠራሉ። ነገር ግን ግብፅ በ1979 ከእስራኤል ጋር ሰላም ስትፈራረም፣ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ ምእመናኑ ኢየሩሳሌምን እንዳይሳለሙ ከለከሉ። ሙስሊሙ ወንድማችን ሳይገባ እኛ አንገባም የሚል አቋም ነበራቸው። በ2012 እስኪያርፉ ድረስም አልለወጡትም። እኛ በዚያው ዘመን ገንዘብ ቆጥበን፣ ነጭ ለብሰን ጎልጎታ ለመሳለም እንሮጥ ነበር። አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ጾም፣ ሁለት መልስ።

ውስጡ የዴር ሡልጣን ነገርም አለበት። በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ገዳማችን ከኮፕቶች ጋር ያከራክረናል። በ1970 በፋሲካ ሌሊት፣ ኮፕቶቹ ጸሎት ላይ ሳሉ፣ ቁልፉ ተለውጦ ለእኛ መነኮሳት ተሰጠ። በ1971 የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይመለስ አለ። መንግሥቱ ግን ነገሩን በእጁ ይዞ አቆየው፤ እስከ ዛሬም አልተፈጸመም። እና አንድ የኛ አባት "እስራኤል ባለውለታችን ናት" ሲሉ፣ አንድ የግብፅ ቄስ ደግሞ "እስራኤል ገዳማችንን ነጠቀችን" ሲሉ፣ ሁለቱም ስለ አንድ በር ነው የሚያወሩት። እኔ ኢየሩሳሌም ሄጄ ያንን በር በእጄ ነክቼዋለሁ። ትንሽ በር ነው።


ከወንጌላውያን ወገን

እኛ ቤት ደግሞ አንዲት ጥቅስ አለች። ዘፍጥረት 12፥3። "የሚባርኩህንም እባርካለሁ፥ የሚረግሙህንም እረግማለሁ።" ከልጅነቴ ጀምሮ እስራኤልን ያልባረከ አገር አይባረክም ሲባል ሰምቻለሁ። መድረክ ላይ የእስራኤል ባንዲራ ሲውለበለብ አብሬ እልል ብያለሁ። ድርቃችንም ድህነታችንም በዚያ ይመዘን ነበር።

ከዓመታት በኋላ ነው ትምህርቱ ከየት እንደመጣ ያነበብኩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ኔልሰን ዳርቢ የሚባል ሰባኪ ነው ያስፋፋው። አይሁድ ወደ ምድራቸው ካልተመለሱ የመጨረሻው ዘመን አይፈጸምም የሚለው አነባበብ ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ሄደ። ከአሜሪካ ደግሞ በሰባኪዎችና በቴሌቪዥን እኛ ጋ ደረሰ። እኔ የመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በ2023 የገና ሰሞን አንድ ፎቶ አየሁ። ቤተልሔም ያለ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሕፃኑን ኢየሱስን በግርግም ፋንታ በፍርስራሽ መሃል አስተኝቶታል። የከተማዋ የገና ድግስም ተሰርዞ ነበር። ያ ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛ መካነ ኢየሱስ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አባል ነው። ማለትም ዘመዶቼ ናቸው። ስንት ዓመት ለእስራኤል ስጸልይ "ቤተልሔም ውስጥ የሚያመልኩት እነማን ናቸው?" ብዬ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ፍልስጤማዊ ክርስቲያን የሚባል ነገር መኖሩ ራሱ አልታየኝም።

በጸሎት ስብሰባችን ላይ ይህን ሳነሳ ፖለቲካ አታምጣ ተባልኩ። ያን ምሽት ሳልጸልይ ነው የወጣሁት። አሁንም ለእስራኤል እጸልያለሁ። ለቤተልሔምም እጸልያለሁ።


ተቅበዝባዥ

እዚያ የሄዱት ፈላሾች ምን ይላሉ? እነሱ ናቸው ማወቅ ያለባቸው።


ከአስቀሎን

ከእነሱ አንዷ ነኝ። መጀመሪያ ግን አደራ፣ "ፈላሻ" አትበሉን። እናቴ ጎንደር ውስጥ በዚያ ስም ስትሰደብ ነው የኖረችው። ቡዳ ናቸው እየተባለ ገበያ የማንገባበት ጊዜ ነበር። ቤተ እስራኤል ነን።

በ1984 ሱዳን ስንገባ አምስት ዓመቴ ነው። እህቴን ኡም ራኩባ ቀብረናታል። በዚያ መንገድና በዚያ መጠለያ 4,000 ያህል ወገኖቻችን እንደሞቱ ይነገራል። አያቴ ቄስ ነበር። ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ሲጸልይ ነው የማስታውሰው። ለእሱ ኢየሩሳሌም ፖለቲካ አልነበረችም፤ መንግሥትም አልነበረችም። በስግድ ቀን ተራራ ወጥቶ፣ ጾሞ፣ አልቅሶ የሚጠራት ነበረች። አሁን ስግድ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገሪቱ በዓል ነው። አያቴ ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

የምንኖረው አስቀሎን ነው። ከጋዛ ድንበር አሥራ ምናምን ኪሎ ሜትር። አያቴ የከተማዋን ስም ሲሰማ "ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ በአስቀሎና አደባባይ አታውሩ ያላት ናት?" ብሎ ቆሞ ቀረ። አዎ፣ የፍልስጥኤም ከተማ ነበረች። ወንድሜ ደግሞ በጎልያድ አገር በጌት ስም በተሰየመችው ኪርያት ጋት ይኖራል። እዚያም ወገናችን ብዙ ነው። የጎልያድን አገር የጎንደር ልጆች ሞልተንበታል።

ሮኬት ሲመጣ ማማድ የምንለው የብረት በር ያለው ክፍል ውስጥ እንገባለን። የእኔ ልጆች የቁጥር ትምህርት የጀመሩት እዚያ ውስጥ ሰከንድ ሲቆጥሩ ነው። በዚያ ጥቅምት የወንድሜ ልጅ ተጠባባቂ ሆኖ ተጠራ። ስለዚህ "ወገን ትይዣለሽ ወይ" ብትሉኝ አዎ፣ ልጄ ያለበትን ወገን ይዣለሁ። ለዚህ መጽሐፍ አያስፈልገኝም።

ግን ሌላም ላጫውታችሁ። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ነው። አብራኝ የምትሠራው ዓረብ ናት፤ እስራኤላዊ ዜግነት ያላት። ከጥቃቱ በኋላ ባለው ቀን አንድ ፈረቃ ሙሉ አልተነጋገርንም። ሲመሽ ሻይ አምጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እኔ ዛሬ መንገድ ላይ ዓረብኛ መናገር ፈራሁ" አለችኝ። እኔም አማርኛ መናገር የፈራሁበትን ዘመን ነገርኳት። በ2019 ወጣቶቻችን ፖሊስን ተቃውመው መንገድ ሲዘጉ በቆዳችን ምክንያት እንዴት እንደምንታይ አይታለች። ያን ሻይ አልረሳውም።

ከከተማችን የወጣ አንድ ቤተ እስራኤላዊ ልጅ፣ ጤናው የታወከ፣ በ2014 ወደ ጋዛ ተሻግሮ ቀርቷል። በሃይማኖታችን የተማረከን ማስፈታት ከትልልቆቹ ትእዛዛት አንዱ ነው። ለእሱ ግን ለብዙ ዓመት አገሩ ዝም አለ። ቤተሰቡ "ነጭ ቢሆን ኖሮ?" እያሉ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። በየካቲት 2025 ነው የወጣው። ያን ቀን እዚህ ሰፈር እልልታው በአማርኛ ነበር።


የደሴዋ

@ከአስቀሎን፣ እህቴ ሆይ፣ ለእህትሽ አላህ ይዘንላት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳይከፋሽ። የምትኖሪበት ከተማ ከ1948 በፊት አል-መጅደል የሚባል የፍልስጤም ከተማ እንደነበር አንብቤአለሁ። የቀሩት ነዋሪዎቹ በ1950 ወጥተው ብዙዎቹ ጋዛ ገቡ። በቴሌቪዥን የምናያቸው አንዳንዶቹ የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው። ይህን እዚያ ታወሩታላችሁ?


ከአስቀሎን

አልከፋኝም። አውቀዋለሁ። መጅደል የሚባለው ሰፈር ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። መስጂዱ ሙዚየም ሆኗል። በየቀኑ አልፈዋለሁ። እኛ ስንመጣ ማንም አልነገረንም። የመንግሥት ሰው ቤት ሰጠን፣ ቁልፍ ሰጠን። እኛም ሁለት ሺህ ዓመት ወደናፈቅነው ምድር ገባን ብለን አለቀስን። እንደኔ ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስይዛቸው ግን እጄ ይዝላል። ሌላ የምለው የለኝም።

አንድ ቀን አለ፤ የኢየሩሳሌም ቀን ይባላል። ለአገሩ የ1967 ድል በዓል ነው። ወጣቶች ባንዲራ ይዘው በአሮጌው ከተማ ይጎርፋሉ። የሙስሊም ሰፈር ነጋዴዎች ሱቃቸውን ይዘጋሉ። እኛ ደግሞ በዚያው ቀን ሄርዝል ተራራ ወጥተን በሱዳን መንገድ የቀሩብንን እናለቅሳለን። እኔ የምሄደው ለእህቴ ነው።


ቤሩት የነበርኩ

እኔ ቤሩት ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ሃይማኖት ብቻ ነው የምትሉ ከሆነ እዚያ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቤት ማሮናይት ክርስቲያን ናቸው። ግድግዳው ሁሉ የማርያም ሥዕል ነው። ማዳም ፍልስጤማውያንን ስማቸውን መስማት አይወዱም። ከመጽሐፍ ቅዱስ ያመጡት መስሎኝ ነበር። አይደለም። በ1975 በጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት ወንድማቸው ሞቶባቸዋል። ፎቶው ከማርያም ሥዕል አጠገብ ተሰቅሏል። ጥላቻቸው ከዚያ ፎቶ ነው።

ሁለተኛው ቤት ሙስሊም ናቸው። ስለ ጋዛ ዜና ሲመጣ ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል። እኔም አለቅስ ነበር። ፓስፖርቴ ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል። ስድስት ወር ደሞዜን አልሰጡኝም። ይህን የምለው ልቅሷቸው ውሸት ነው ለማለት አይደለም። እውነት ነበር። እኔን ግን አላዩኝም።

ከዚያ ቤት ወጥቼ ሳብራ ገበያ አካባቢ ከልጆች ጋር ቤት ተከራየን። ሻቲላ የሚባለው የፍልስጤም ስደተኞች ካምፕ አጠገብ ነው። በ1982 ክርስቲያን ታጣቂዎች ገብተው ስደተኞቹን የጨፈጨፉበት፣ የእስራኤል ጦር ዙሪያውን የከበበበት ቦታ ነው። እዚያ ቲማቲም የሚሸጡ አንድ ፍልስጤማዊ ሽማግሌ ነበሩ። ካምፕ ውስጥ ተወልደው ካምፕ ውስጥ ያረጁ። በሊባኖስ ሕግ ብዙ ሙያ ለእነሱ ዝግ ነው። ሥራ ሳይኖረን በዱቤ ይሰጡን ነበር። "አንቺም ወረቀት የለሽም፣ እኔም የለኝም" አሉኝ አንድ ቀን። ወገን የያዝኩት ያን ጊዜ ነው። ቀሪ ዱቤዬን ሳልከፍል ወደ አገር ተመለስኩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።


ነርሷ ከቤልፋስት

አጭር ነገር ልጨምር። እዚህ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ካቶሊኮቹ ሰፈር የፍልስጤም ባንዲራ ተሰቅሏል። መንገድ ተሻግራችሁ ፕሮቴስታንቶቹ ሰፈር ስትገቡ የእስራኤል ባንዲራ ታያላችሁ። መጀመሪያ ስመጣ ግራ ገባኝ። አንዲት ታካሚዬ ነች ያስረዳችኝ። ካቶሊኮቹ መሬታቸውን በእንግሊዝ የተነጠቁ ሕዝቦች ነን ብለው ራሳቸውን ፍልስጤም ውስጥ ያያሉ። ፕሮቴስታንቶቹ በጠላት የተከበብን ነን ብለው ራሳቸውን እስራኤል ውስጥ ያያሉ። "እኛ የምናወራው ስለ ራሳችን ነው፣ የኔ ልጅ" አለችኝ። የመርካቶ ልጅ፣ የአንተ እናትና እትዬም ምናልባት ከጋዛ በፊት የቆየ ሌላ ነገር ይኖራቸው ይሆን? ጠይቃቸው።


አወያይ

ሁለት መልእክቶች በስድብ ምክንያት ተነስተዋል። አንደኛው ሙስሊሞችን፣ ሌላው አይሁዶችን በጅምላ የሚሳደብ ነበር። ይህ ክር እስካሁን በሄደበት መንገድ እንዲቀጥል እንፈልጋለን።


ዲያቆን ዘሰሜን

ከሰሞኑ ይህን ሁሉ ሳነብ አንድ ጥቅስ አልለቅ አለኝ። አሞጽ 9፥7። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። "የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?" በስብከት፣ በበዓል፣ በንግግር ስንት ጊዜ ሰምተነዋል። ስንመካበት ነው የኖርነው።

ጥቅሱ ግን እዚያ ላይ አያልቅም። ቀጥሎ እግዚአብሔር እስራኤልን ከግብፅ ምድር እንዳወጣ ይናገራል። ከዚያ በዚያው ዓረፍተ ነገር "ፍልስጥኤማውያንንም ከከፍቶር" ያወጣሁ እኔ አይደለሁምን ይላል። ሦስቱም ስም አንድ ቁጥር ውስጥ ነው። እስራኤል፣ ኢትዮጵያ፣ ፍልስጥኤም። እኔ ሃያ ዓመት ሳስተምር ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ግማሽ ነው ያነበብኩት። ሁለተኛውን ግማሽ በጉባኤ ጮክ ብዬ አንብቤው አላውቅም።

ዳዊትም ላይ አለ። መዝሙር 86፣ በሌላው ቁጥር 87። ስለ ጽዮን ሲናገር ኢሎፍሊን፣ ጢሮስንና የኢትዮጵያን ሕዝብ ጠርቶ እነዚህ በዚያ ተወለዱ ይላል። በግእዙ ዳዊት "ኢሎፍሊ" የሚለው ፍልስጥኤማውያንን ነው። የመርካቶ ልጅ፣ እናትህ ይህችን መዝሙር በቃሏ ሳታውቃት አትቀርም። ግእዙን ስለምትደግም ኢሎፍሊ እነማን እንደሆኑ ላይነገራት ይችላል።

ከዚህ ወዲህ ያለኝ አንድ ዜና ነው። ጋዛ ውስጥ የቅዱስ ጶርፊርዮስ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ጥቅምት 2023 ላይ ግቢው ሲመታ ተጠልለው የነበሩ 18 ክርስቲያኖች ሞተዋል። ባለፈው እሑድ በማስተምርበት ደብር ስማቸው ባይታወቀንም በጸሎት አስበናቸዋል። ከጎኔ የቆሙ አንድ አባት "ፍልስጤም ውስጥ የእኛ ሰዎች አሉ እንዴ?" ብለው ጠየቁኝ።


የመርካቶ ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ቀን ቆይቼ ነው የምጽፈው።

መልእክቶቻችሁን ለእናቴ አነበብኩላት። መዝሙር 86 ላይ ስደርስ በግእዝ ቀደመችኝ። "ኢሎፍሊ" ላይ ቆመች። "እኔ የሩቅ አገር ሰዎች መስለውኝ ነበር" አለች። የአስቀሎኗን ስሰማ አለቀሰች፤ ለኡም ራኩባዋ ሕፃን። ከዚያ የዲያቆኑን ነገርኳት። ስለ ጋዛው ቤተ ክርስቲያን። ብዙ ቆየችና "በምን ቋንቋ ነው የሚቀድሱት?" አለችኝ። ዓረብኛና ግሪክኛ ነው አልኳት። "አባታችን ሆይንም በዓረብኛ?" አለች። ስልኬ ላይ ፈልጌ አሰማኋት። አንድ ቄስ "አባና" ብሎ ሲጀምር ፈገግ አለች፤ "አባት" የሚለውን ሰምታ።

ነርሷ ከቤልፋስት፣ ያልሽኝንም ጠየቅኩ። እናቴ አልመለሰችልኝም። እትዬ ግን መለሱልኝ። ዓረብ ሆናችሁ የሚለውን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሲሰሙ እንደኖሩ፣ ከእናቴ አፍ ግን ያን ቀን የመጣ ስለመሰላቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እናቴ እንደዚያ አላለችም ነበር። እሳቸው የሰሙት ግን እሱን ነው። ይህንን ለእናቴ አልደበቅኳትም።

እናቴ አሁንም ለእስራኤል ትጸልያለች። እትዬም አሁንም ለጋዛ ያለቅሳሉ። ትናንት ግን እናቴ ቡና ቆላች። ራሷ በራፍ ላይ ቆማ ነው የጠራቻቸው። እትዬ መጥተው ተቀመጡ። መጀመሪያ ስለ ኑሮ ውድነት ተወራ። ሁለተኛው ስኒ ላይ እናቴ "ያን ነገር አስማቻቸው" አለችኝ። እትዬ ወጣት ሳሉ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርተዋል፤ ዓረብኛ ይሰማሉ። ስልኩን ጆሯቸው ላይ አስጠጉ። መስመር በመስመር ለእናቴ መተርጎም ጀመሩ። እናቴ ቀድማ ታውቀዋለች፤ ግን እንደማታውቅ ዝም ብላ ሰማቻቸው። "የዕለት እንጀራችንን" የሚለው ላይ ሲደርሱ እትዬ ቆም አሉና "ይሄን እንጀራ አላሉትም፤ ዳቦ ነው ያሉት" አሉ።

"እዚያ ጤፍ የለም" አለች እናቴ። በረካውን ቀዳች።